የጣና ጥልቀት በካርታ ላይ፤ ስለ ካርታዎቻችንና ስለ ዓሣ ማጥመድ የቀረበ ትችት

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ሦስት ተማሮች ሆነን ዓሣ ለማጥመድ ወደ ጣና ሐይቅ ሄደን ነበር። ከመንጠቆና ከገመድ ሌላ የ1:50,000 የመሬት አቀማመጥ ካርታ ይዘናል። ካርታ የያዘ ሰው መንገድ እንደማይስት በክፍል ውስጥ ስለ ተማርን ልባችን ሙሉ ነበር። ከባሕር ዳር ተነሥተን በምሥራቁ ዳር ስንጓዝ ግን፤ ካርታው ንጹሕ ሰማያዊ አድርጎ ባሳየው ሥፍራ ላይ የጀልባችን ሆድ ከድንጋይ ጋራ ተጋጨ። ጀልባው አልተሰበረም፤ እኛም ከድንጋጤ በቀር የደረሰብን ጉዳት የለም። ነገር ግን ጀልባውን ለመግፋት ወርደን ስንቆም ውሃው ከጉልበታችን አላለፈም። በደንገል ታንኳ በአጠገባችን ያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቆም ብለው አዩን፤ በእጃችን ያለውንም ወረቀት ተመልክተው «ልጆቼ፤ ይህ ወረቀታችሁ መሬቱን ያውቃል እንጂ ውሃውን አያውቅም» አሉን።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ንግግር ነው። ሽማግሌው በአንድ ቃል የጨረሱትን ነገር እኔ በብዙ ገጽ ለማስረዳት መሞከሬ ምናልባት ያስቅ ይሆናል። ሆኖም በኮሌጃችን ውስጥ ስለ ካርታ ሲነገር ካርታው ትክክል ነው ወይስ ስሕተት ነው ተብሎ ብቻ ስለሚጠየቅ፤ ጥያቄው ራሱ ጐደሎ መሆኑን ማሳየት የሚገባ መስሎኛል። እኛን ድንጋይ ላይ ያስቀመጠን ካርታ ስሕተት አልነበረበትም። ያላየውን ነገር አየሁ አላለም፤ ዝም ብሎ ሰማያዊ ቀለም ቀባው እንጂ። ዝምታውን እንደ ምስክርነት የቈጠርነው እኛ ነን።

የማቀርበው ዋና አሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ካርታ የአንድ ቀን ምስክር ነው፤ የሚመልሰውም የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ በካርታ ለመጠቀም የሚፈልግ ዓሣ አጥማጅ፤ ማን፤ መቼ፤ ከየት ጀምሮ፤ ለምንስ ጉዳይ እንደ ለካው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።

፩ የመሬት አቀማመጥ ካርታና ዝምታው

ነቀፌታ ከመጀመሩ በፊት ምስጋናን ማስቀደም ተገቢ ነው። በ1:50,000 መስፈርት የተዘጋጁት የአገራችን ካርታዎች የብዙ ሰዎች የድካም ፍሬ ናቸው። በነሱ ላይ 1 ሳንቲሜትር በምድር ላይ 500 ሜትር ነው። መንገዱ፤ የእግር መሄጃው፤ ወንዙ፤ ረግረጉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በየቦታው ተመልክቷል። በዓባይ ተፋሰስ በኩል ለሥራው መሠረት ከሆኑት ልኬቶች ብዙዎቹ የተካሄዱት፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍና የጂኦዴሲ መሥሪያ ቤት ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ድረስ ባደረጉት ቅየሳ ነው። ዛሬ ካርታዎቹን የሚጠብቀውና የሚያሰራጨው አዲስ አበባ የሚገኘው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። ለጥናት የሚፈልጋቸው ተማሪ የሚሄድበትን ቦታ ስምና ከተቻለም የገጹን ቍጥር አስቀድሞ አውቆ፤ ከትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ ድካሙ ይቀልለታል።

ካርታውን ያገኘ ዓሣ አጥማጅ ብዙ ነገር ሊያነብበት ይችላል። የከፍታ መስመሮቹ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው እስከ ውሃው ዳር የሚወርዱ ከሆነ፤ ቁልቁለቱ በውሃው ሥርም ሊቀጥል እንደሚችል፤ ስለዚህም ከዳሩ ብዙ ሳይርቁ ጥልቅ ውሃ ሊገኝ እንደሚችል ይገመታል። መስመሮቹ ተራርቀው ሜዳው ሰፊ ሲሆን ግን፤ ዳሩ ገር፤ ጭቃማና ሣር የበዛበት ይሆናል። በጣና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ሁለቱ ጐረቤት ደሴቶች ደቅና ዳጋ ናቸው። ደቅ ዝቅ ብሎ የተንጣለለ ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ግን እንደ ሾጣጣ ክምር ቀጥ ብሎ የወጣ ነው። ካርታውን ብቻ አይቶ ከሁለቱ በየትኛው ዳር ውሃው ቶሎ እንደሚጠልቅ መገመት አያስቸግርም። ደግሞም ጉማራና ርብ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፤ መገጭ በደንቢያ በኩል፤ ግልገል ዓባይ በደቡብ በኩል ወደ ሐይቁ ሲገቡ፤ አፋቸው ላይ ደለል እንደሚያራግፉ ከመስመሮቹ አቀማመጥ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ግን ግምት ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ካርታው ከውሃው ዳር ሲደርስ ይቆማል። በየብስ ላይ አንዲት ጐጆ እንኳ ሳትቀር የቈጠረ ካርታ፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎሜትር በላይ የሆነውን ሐይቅ በአንድ ቀለም ሸፍኖ ያልፈዋል። ታዲያ የየብሱን የከፍታ መስመር ወደ ውሃው ሥር ብናስቀጥለው ምን እናገኝ ነበር? ነገሩን በሒሳብ ማየት ይቻላል። በነዚህ ካርታዎች ላይ በአንዱና በሚቀጥለው የከፍታ መስመር መካከል ያለው ልዩነት እንደ ደንቡ 20 ሜትር ነው። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ሲሆን፤ ትልቁ ጥልቀቱ ወደ 14 ሜትር ነው። ስለዚህ የሐይቁ ግርጌ 1,772 ሜትር አካባቢ ይውላል ማለት ነው። በነዚህ ሁለት ቍጥሮች መካከል የሚያልፈው የከፍታ መስመር 1,780 ብቻ ነው። እንግዲህ ካርታው ዝም ባይል እንኳ ስለ ጣና ግርጌ የሚነግረን በአንድ መስመር ነበር፤ እርሱም 6 ሜትር ያህል ከሚጠልቀው ሥፍራ ላይ።

ይህንን ከሻላ ሐይቅ ጋራ እናስተያየው። የሻላ ወለል 1,558 ሜትር ያህል፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ያህል ነው። በዚያ መስፈርት 13 መስመሮች ይወጡለት ነበር፤ በወረቀት ላይም እጅግ ያማረ ካርታ ይሆን ነበር። ነገር ግን የሻላ ውሃ በጨውና በሶዳ የበረታ ስለ ሆነ ዓሣ አጥማጅ የሚፈልገው ሐይቅ አይደለም። በሻላ ደሴቶች ላይ ይፈለፈሉ የነበሩት ፔሊካኖች እንኳ ዓሣ የሚፈልጉት ወደ ጐረቤቱ ወደ አብያታ እየበረሩ ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር፤ ለየብስ ተራራ የተመረጠ የመስመር ርቀት ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ እንደማይሆን ነው። እንደ ጣና ላለ ሐይቅ የሚረዳው የአንድ ሜትር፤ ቢበዛ የሁለት ሜትር መስመር ነው። ዓሣውም ሆነ የጀልባው ሆድ የሚያውቀው ልዩነት ይኸው ነውና።

፪ የጥልቀት ካርታ ለማን ተሠራ?

የመሬት አቀማመጡ ካርታ ዝም ካለ፤ የሚናገር ሌላ ካርታ መፈለግ ግድ ነው። ይህም የጥልቀት ካርታ የሚባለው ነው። ብዙ ተማሮች የጣና ጥልቀት ከቅርብ ጊዜ በፊት ተለክቶ የማያውቅ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሐይቁን አጥንተው፤ ጽሑፋቸው በ1925 ካይሮ ላይ ታትሟል። ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው የጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ መሐንዲሶች መጥተዋል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የሐይቁን ዳር ዞሮ ያየውን በ1936 ባወጣው መጽሐፍ ገልጿል። በ1937 ደግሞ በጣልያን ወረራ ዘመን በጂዮቶ ዳይኔሊ የሚመራ የሊቃውንት ቡድን መጥቶ፤ ከቡድኑ አንዱ ሞራንዲኒ የሐይቁን መልክዓ ምድር፤ ቢኒ የተባለው ደግሞ ዓሦቹን የሚመለከት ጽሑፍ በ1940 አሳትመዋል።

የዚህ ዝርዝር ጥቅሙ ስሞችን ለመደርደር አይደለም። እያንዳንዱ ጥናት ምን ለማወቅ ተነሣ ብለን ስንጠይቅ ነው የካርታው ጠባይ የሚገለጥልን። ግራብሃምና ብላክ፤ በኋላም የዋይት መሐንዲሶች ሊያውቁ የፈለጉት፤ በሐይቁ መውጫ ላይ ግድብ ቢሠራ ምን ያህል ውሃ ሊከማች እንደሚችል ነበር። የናይል ውሃ የሚጠጡ እርሻዎች ናቸው ገንዘቡን ያስወጡት። ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልገው የሐይቁ ስፋት፤ የወለሉ መውጣትና መውረድ፤ የመውጫው ቅርጽ ነው። መካከሉ ላይ ያለው የድንጋይ ጐባታ ለውሃ ቈጣሪው ምኑም አይደለም፤ ለታንኳ ቀዛፊው ግን ሕይወቱ ነው። የጣልያኖቹ ቡድን በበኩሉ ከመሐንዲሶቹ ይልቅ ለሳይንስ የቀረበ ነበር፤ ሆኖም ዓሣው በአንድ ጽሑፍ፤ ጥልቀቱ በሌላ ጽሑፍ ነው የቀረበው። ሁለቱን አገናኝቶ የትኛው ዓሣ በየትኛው ጥልቀት ይኖራል ብሎ ማንበብ ለአንባቢው የተተወ ሥራ ሆነ።

ስለዚህ እነዚህን ጽሑፎች በቤተ መጻሕፍት አግኝቶ የሚጠቀምባቸው ተማሪ የልኬት ነጥቦቹን ብዛት ማየት አለበት። በጥልቀት ካርታ ላይ የሚታየው መስመር ቀጣይ ቢመስልም፤ የተለካው ግን በየነጥቡ ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን የሞላው የሠዓሊው እጅ ነው። ነጥቦቹ አንድ ኪሎሜትር ቢራራቁ፤ እንደ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ ጐባታ በመካከላቸው ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ያማረና የተስተካከለ መስመር ብዙ ጊዜ የዕውቀት ሳይሆን የነጥብ ማነስ ምልክት ነው። ብዙ ነጥብ የተለካበት ካርታ መስመሩ እንደ ተጨማደደ ልብስ ነው።

፫ ዜሮው የት ነው?

አሁን ወደ ጽሑፌ ዋና ነጥብ ደርሻለሁ። በጥልቀት ካርታ ላይ «6 ሜትር» የሚል ቍጥር ስናይ፤ 6 ሜትሩ የሚቈጠረው ከየት ነው? ከውሃው ወለል ነው ይባላል። ነገር ግን የትኛው ቀን ወለል?

ጣና በየዓመቱ ይተነፍሳል። በክረምቱ ማብቂያ፤ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። በተለመደው ዓመት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ የውሃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠርቶ፤ በ2001 በሮቹ ተጨምረዋል። ከ2010 ጀምሮም ከፊሉ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ እየተላከ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከዚያ ወዲህ የሐይቁን ወለል የሚወስነው ዝናቡ ብቻ ሳይሆን የሰው ፈቃድም ጭምር ነው። በ2003 ዝናቡ አንሶ ውሃውም ለኤሌክትሪክ ስለ ተለቀቀ፤ ወለሉ ተለክቶ ከታወቀው ሁሉ ዝቅ ብሎ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር፤ ከውሃ በወጣውም መሬት ላይ ገበሬዎች ዘርተዋል።

በግድቡ አማካይነት ወለሉ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲወጣና እንዲወርድ የታሰበ ነው። ይህ 3 ሜትር ማለት ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ለሆነው ለሻላ 3 ሜትር ምንም አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ ወደ 8 ወይም 9 ሜትር ለሆነው ለጣና ግን የጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ነው። ከግድቡ በፊት በጥቅምት ወር የተለካ ካርታ «2 ሜትር» ያለው ቦታ፤ በድርቅ ዓመት በግንቦት ደረቅ ጭቃ ሊሆን ይችላል። እኛ በግንቦት ድንጋይ ላይ የወጣነው በዚሁ ምክንያት ነው። በጥቅምት ሄደን ቢሆን ኖሮ ድንጋዩን ሳናውቀው በላዩ አልፈን ካርታውን እያመሰገንን እንመለስ ነበር።

እንግዲህ በጥልቀት ካርታ ላይ የተለካበት ቀንና በዚያ ቀን የነበረው የወለሉ ከፍታ ካልተጻፈ፤ ቍጥሮቹ ሁሉ መነሻ እንደሌለው ገንዘብ ቈጠራ ናቸው። የተጻፈ ከሆነ ግን አሠራሩ ቀላል ነው። ካርታው በተለካበት ቀን ወለሉ 1,786.5 ሜትር ከነበረ፤ ዛሬ ደግሞ 1,785 ሜትር ከሆነ፤ ከእያንዳንዱ ቍጥር 1.5 ሜትር መቀነስ ነው። ደለል ካልጨመረበትና አለቱም ካልተነካ፤ የቀረው የዛሬው ጥልቀት ነው።

ከዚህ ጋራ የሚሄድ ሌላ መነሻ አለ፤ እርሱም የቦታው ነው። ብዙዎቹ ቆየት ያሉ የአገራችን ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በተባለ መነሻ ላይ ነው። አዲንዳን በግብጽና በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ የቅየሳ ነጥብ ሲሆን፤ ራሱ ዛሬ በናስር ሐይቅ ውሃ ተሸፍኗል። በእጃችን ያለው ስልክ ግን ቦታን የሚያመለክተው በ1984ቱ የዓለም ጂኦዴቲክ ሥርዓት ነው። ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ ሲያመለክቱ ከ100 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ይህን ሳያስተካክል የስልኩን ቍጥር በወረቀቱ ካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው፤ ራሱን ከድንጋዩ ራቅ ብሎ ያለ አድርጎ ሊያይ ይችላል፤ ድንጋዩ ግን ከጀልባው ሥር ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ በካርታው ግርጌ የተጻፈውን የመነሻውን ስም አንብቦ፤ ስልኩን ወደዚያው መነሻ መመለስ ብቻ ነው። ነገር ግን የካርታን ግርጌ የሚያነብ ስንት ነው?

፬ ዳሩ ራሱ ሲሸሽ

ጣና ቢያንስ በቦታው አለ። በሌሎቹ ሐይቆቻችን ላይ ግን የካርታው ሰማያዊ ራሱ ከዘመኑ ጋራ አይሄድም። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ነበር፤ ከዚያ እያደገ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ሆኗል፤ የባቡር ሐዲዱንና የመኪናውን መንገድ እስከ ማስጨነቅ ደርሷል። አብያታ በተቃራኒው፤ ወንዞቹ ለመስኖ ስለ ተጠለፉ፤ ውሃውም ለሶዳ ፋብሪካ ስለ ተቀዳ፤ ዳሩ እጅግ ሸሽቶ ዓሣው ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም ምግባቸውን ሩቅ ሄደው ለመፈለግ ተገደዱ። የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጨርሶ ደርቆ ከብት ይሰማራበት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ውሃው በከፊል የተመለሰው። የድሮውን ካርታ አምኖ መንጠቆ ይዞ የሄደ ሰው በዚያ ዘመን ያገኝ የነበረው ላም ነው።

ለዚህ ችግር በጠፈር የሚነሡት ሥዕሎች ትልቅ እርዳታ ናቸው። ዳሩ ዛሬ የት እንዳለ ያሳያሉ፤ ብዙዎቹም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ሆኖም በእነርሱ ላይ ደግሞ አዲስ እምነት እንዳንጥል እሠጋለሁ። እንደ ጣና ደለል የበዛበት ውሃ ብርሃንን ወደ ግርጌው አያሳልፍም፤ ከላይ የተነሣው ሥዕል የሚያየው የውሃውን ቆዳ ብቻ ነው። ለግርጌው የሚያገለግለው የድምፅ ማሚቶ መሣሪያ ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፤ የጣናን ትልቁን ጥልቀት ወርዶ ለመመለስ ከአንድ ሰኮንድ ሃምሳኛ እጅ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ይህ መሣሪያ የሌለው ተማሪ ግን ገመድና ድንጋይ አያጣም።

፭ «ካርታ ለምን? ሰዎቹን ጠይቁ»

አንድ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ «ሽማግሌው የሚያውቁትን ለማወቅ ሽማግሌውን መጠየቅ በቂ ነው፤ ካርታ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ተቃውሞ አይደለም። በጣና ዳር የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ቀዛፊው በሸምበቆ ዘንጉ ግርጌውን እየነካ ሲሄድ፤ አለት ይሁን አሸዋ፤ ጭቃ ይሁን ሣር በእጁ ይሰማዋል። እንደዚህ ያለ ልኬት በየቀኑ የሚታደስ ነው፤ ዜሮውም ምንጊዜ የዛሬው ወለል ነው። ከላይ ካነሣናቸው ካርታዎች አንዱም ይህን ያህል ትኩስ አይደለም።

ነገር ግን ይህ ዕውቀት ሁለት ወሰን አለው። አንደኛው፤ ዘንጉ ከሚደርስበት በታች ያለውን አይነግርም። ሁለተኛው፤ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ የኔ መልስ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ማለት አይደለም። ካርታ ሠሪው ሽማግሌውን ይጠይቅ፤ የድንጋዮቹንም ስም በካርታው ላይ ይጻፍ ነው የምለው። በየብሱ በኩል ካርታው የየወንዙንና የየኰረብታውን ስም ከአገሬው ጠይቆ ጽፏል። በውሃው በኩል ግን አንድም ሰው የጠየቀ አይመስልም። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን የአክብሮት ጉድለት ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ እርሱ ከበድ ይላል። ጥሩ የጥልቀት ካርታ ለሁሉ ቢሰጥ ዓሣውን አያስጨርስም ወይ? የጣና የባርበስ ወገን የሆኑት፤ ነጭ ዓሣ የሚባሉት፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ዓይነቶች አሉባቸው። ከነዚህ አያሌዎቹ በክረምት፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፤ እንቍላላቸውን ለመጣል በጉማራ፤ በርብ፤ በመገጭና በመሳሰሉት ወንዞች አፍ ላይ ተሰብስበው ወደ ላይ ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውንም ዓመት ነው። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በ1980ዎቹ ከገቡ በኋላ፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ፤ በመረብ የሚገኘው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ የወንዝ አፍ ያለበትን ጥልቀት የሌለው ሥፍራ «መልካም ማጥመጃ» ብሎ በካርታ ላይ ምልክት ማድረግ፤ በክረምት ወራት ለጥፋት መንገድ መምራት ነው።

በዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። ካርታውን መደበቅ መፍትሔ አይመስለኝም፤ መረብ የሚዘረጋው ነጋዴ የወንዙን አፍ ያለ ካርታም ያውቀዋል። ያላወቀው ተማሪው፤ አስተማሪውና ደንብ አውጪው ነው። ስለዚህ የምለው፤ በካርታው ላይ ጥልቀቱ እንደ ተጻፈ ሁሉ ወሩም ይጻፍበት ነው። በየወንዙ አፍ ዙሪያ ክብ ተሠርቶ «ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አይጠመድበትም» የሚል ቃል ቢገባ፤ ካርታው ዓሣ ከማግኛነት ወደ ዓሣ መጠበቂያነት ይለወጣል። ለእንጀራው ሳይሆን ለደስታው የሚያጠምድ ተማሪ በሌላው ጊዜና ሥፍራ ቆሮሶና አምባዛ ይበቃዋል።

፮ ምን እናድርግ?

ከድንጋዩ ላይ ከወረድን በኋላ የቀሩትን ሁለት ቀናት እንደ ዓሣ አጥማጅ ሳይሆን እንደ ተማሪ አሳለፍናቸው። ጠንካራ ገመድ ወስደን ካረጠብነውና ከወጠርነው በኋላ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠርነው፤ ጫፉም ላይ ከባድ ድንጋይ አሰርን። ደረቅ ገመድ ለክቶ የቋጠረ ሰው ገመዱ ሲረጥብ ርዝመቱ ሊለወጥበት ይችላልና። በየቦታው ጀልባውን አስቁመን ገመዱን ጣልን፤ ነፋስ ጀልባውን እየገፋው ገመዱ ሲያጋድል ልኬቱን ተውነው፤ ያጋደለ ገመድ ጥልቀቱን ከእውነቱ አብልጦ ይናገራልና። በመዝገባችን ላይ ቀኑን፤ ሰዓቱን፤ ቦታውን፤ ጥልቀቱን፤ ድንጋዩ ይዞት የወጣውንም ጭቃ ወይም አሸዋ ጻፍን። የወለሉን ከፍታ ደግሞ በወደቡ ላይ ካለው የውሃ መለኪያ አንብበን ጨመርንበት። ሽማግሌውም በሁለተኛው ቀን መጥተው «እዚህ ጣሉ፤ እዚያ ጣሉ» እያሉ ይመሩን ነበር። በአንዳንዱ ቦታ ያገኘነው ከድሮው ካርታ ጋራ ተስማማ፤ በሌላው ተለያየ። የተለያየውን ነገር ስሕተት ብለን ለመፍረድ ልኬታችን ጥቂት ነው፤ ለመጠየቅ ግን በቂ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለጓደኞቼና ለአስተማሪዎቻችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከኮሌጃችን በየዓመቱ ብዙ ተማሮች ወደ ሐይቆቻችን ዳር ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ለጥናት፤ አንዳንዱ ለመዝናናት፤ አንዳንዱም ወደ ቤተሰቡ። እያንዳንዱ ቋጠሮ ያለው ገመድ ይዞ ሄዶ አሥር ልኬት ብቻ ቢያመጣ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ በእጃችን ያለው መዝገብ ማንም ያላዘጋጀው ይሆናል። የጂኦግራፊ ክፍል ቦታውንና ወለሉን ቢያርም፤ የባዮሎጂ ክፍል ዓሣውን ቢጨምር፤ የቋንቋ ተማሮችም የድንጋዮቹንና የወሽመጦቹን ስም ከሽማግሎች አፍ ቢጽፉ፤ በ1940 በሁለት ጽሑፍ ተለያይቶ የቀረው ነገር በአንድ ወረቀት ይገናኛል። መዝገቡ ግን አራቱን ቃል ሳይዝ እንዳይገባ፤ ማን ለካው፤ መቼ ለካው፤ ወለሉ ስንት ነበር፤ ለምን ተለካ።

በመጨረሻም ትችቴ የቀደሙትን ለማሳነስ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ። እነርሱ የተጠየቁትን በሚገባ መልሰዋል። ጥፋቱ፤ ያልተጠየቁትን እንደ መለሱ አድርገን ያነበብን የኛ ነው። ካርታው ላይ ሰማያዊውን ያየ ሰው «እዚህ ውሃ አለ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «እዚህ ገና የለካ የለም» ብሎ ቢያነበው፤ ጀልባውም ከድንጋይ፤ ዓሣውም ከመጥፋት ይድናል። በቍጥሮቼም ሆነ በአሳቤ ስሕተት ያገኘ ሁሉ በሚቀጥለው እትም ቢያርመኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ገመድ ጥሎ ለክቶ ቢያርመኝ።